ለካሴ የተሰበሰቡት

ባለፈው እሑድ እናቴ የምትኖርበት፣ ቶሮንቶ ዌስተን ሰፈር ያለው ሕንፃ ኤሌቬተር ውስጥ ስገባ የተለበለበ ጸጉር ሸተተኝ። ከጎኔ የቆመው የላይኛው ፎቅ ጎረምሳ ባልኮኒ ላይ ባርቢኪው ሲያቀጣጥል ነበልባሉ ዘሎ የግንባሩን ጸጉርና አንድ ቅንድቡን በልቶበት ኖሮ፣ ፊቱን በስልኩ ካሜራ እያገላበጠ እያየ "ኢትስ ፋይን፣ ራይት?" አለኝ። "ፋይን ነው፣ ይበቅላል" አልኩት። እኔ ራሴ ግን ፋይን አልነበርኩም፤ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ተሰንቅሮ ቀረ። የእናቴ ፎቅ ደርሶ በሩ ሲከፈት ሳልወርድ ቀረሁ፣ እላይ ድረስ ወጣሁ፣ ተመልሼ እታች ወረድኩና እግሬ አልቆም ስላለኝ የኤርፖርቱ ባቡር በሚያልፍበት አጥር ጥግ ወዲያ ወዲህ ስንጎራደድ ቆየሁ። እናቴ ኮል አድርጋ "የት ቀረሽ? ምሳው በረደ እኮ" እስክትለኝ ድረስ ቶሮንቶ ውስጥ አልነበርኩም፤ ካላሃሪ በረሃ ዳር ፀሐይ ሊወጣ ሲል አሸዋ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ካላሃሪ ምን ወሰዳችሁ ለሚለኝ ሰው ሁሉ አጭሩ መልሴ "አባቴ አስተማሪ ነበር" የሚል ነው። አባዬ በደርግ ጊዜ ታስሮ ከተፈታ በኋላ በኬንያ በኩል ወጣን፤ ናይሮቢ ሳለን ቦትስዋና የሳይንስ መምህር ትፈልጋለች የሚል ወሬ ሰምቶ አመለከተና ጋንዚ በምትባል፣ ከሰው ይልቅ ከብት በሚበዛባት ከተማ በኮንትራት ተቀጠረ። እማዬ አዲስ አበባ ሳለች ሶሻል ወርክ ተምራ ስለነበር፣ ጥቂት ቆይታ እሷም የአካባቢው ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆነች። የተመደበችው ከከተማው ወጣ ብለው በሰፈሩት፣ ነጮቹ ባለእርሻዎች ቡሽመን፣ ጎረቤቶቻቸው ባሳርዋ በሚሏቸው፣ እነሱ ግን ራሳቸውን ናሮ ብለው በሚጠሩት ሰዎች ዘንድ ነበር። አያቶቻቸው እያደኑና ሥራ ሥር እየቆፈሩ የኖሩበት ምድር በሽቦ ታጥሮ የሌላ ሰው ከብት ሲሰማራበት፣ ግማሾቹ በገዛ አገራቸው የሰው እረኛ ሆነው በየእርሻው ቀሩ፤ ግማሾቹ ደግሞ መንግሥት ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃ ባወጣላቸው ሰፈር ተሰበሰቡ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እማዬ በመሥሪያ ቤቷ ነጭ ፒክአፕ ይዛኝ ትሄድ ነበር፤ ቤት ብቀር የሚጠብቀኝ አባዬ ነበርና፣ አባዬ ደግሞ ከመጠበቅ ይልቅ ጠባቂ የሚያስፈልገው ሰው ነበር።

አባዬ አይተኛም። ከእስር ከወጣ ጀምሮ እንቅልፍን በሩቁ ነበር የሚያውቃት፤ ጀርባውን ለበር ሰጥቶ አይቀመጥም፣ ምሳውን ቆሞ ይበላል፣ ሲመሽ ወጥቶ ቤታችንን ይዞራል፤ ሲነጋ አሸዋው እንደ አውድማ ተረግጦ ቤቱን ከቦት እናገኘዋለን። የጎረቤት ውሻ መጀመሪያ ሰሞን ሲጮህበት ከረመና በኋላ ተስፋ ቆርጦ አብሮት ይዞር ጀመር። ተማሪዎቹ ግን ይወዱት ነበር፤ በዴስኮቹ መሃል እየተንጎራደደ ስለሚያስተምር እሱ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ተማሪ አልነበረም። እማዬ "ምን አደረጉህ?" ብላ ደጋግማ ጠይቃው መልስ ሲጠፋ፣ ጥያቄውን ትታ ማታ ማታ በር ላይ በርጩማ አውጥታ ቁጭ ማለት ያዘች፤ ሲያልፍ ታየዋለች፣ ዞሮ ሲመጣ ታየዋለች።

በሰፈሩ የኔ ሰው ካሴ ነበረች። የስሟ መጀመሪያ ምላስ ከላንቃ ተላቅቆ "ጧ" የሚልባት አንዲት ድምፅ ነበረች፤ እሷን መጥራት ስላቃተን ዘለልናትና ካሴ ቀረች። እማዬ ይህን ስትሰማ ፊቷ በርቶ "ጎጃም ብትወለጂ ወንድ ነበርሽ" አለቻት በአማርኛ፤ ካሴም የገባት ይመስል ሳቀች። እኔ የእነሱን ድምፆች ለማውጣት ስታገል እሷ በሳቅ አሸዋ ላይ ትንከባለላለች፤ እሷም የኛን "ቀ" እና "ጰ" ስትሞክር አንገቷ እንደ ሰጎን ይረዝማል። ከሁሉ የገረማቸው ግን እማዬ ስትስማማ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ የምትላት "አዎ" ነበረች፤ መጀመሪያ ቀን እባብ ያየች መስሏቸው ሁሉም ዘወር ብለው እግራቸው ሥር ፈለጉ፤ ከዚያ ግን ልጆቹ ተምረዋት በማንኛውም ጥያቄ ላይ ትንፋሻቸውን እየሳቡ ሰው ያስደነግጡ ጀመር። ካሴ በዱር ሐብሐብ የሚጫወቱትን ጨዋታ አስተማረችኝ፤ ሴቶች ልጆች በሰልፍ ሆነው እያጨበጨቡ ይዘፍናሉ፣ አንዷ ሐብሐቧን ይዛ ወጥታ ትጨፍርና ዘፈኑ ሳይሰበር ወደ ኋላዋ ትወረውራለች፣ ቀጣይዋ ትቀልባለች። እኔ ጋ ስትደርስ ሐብሐቧ ሁልጊዜ መሬት ትወድቃለች፤ የወደቀችውንም ተቀምጠን እንበላታለን። እነዚያ ልጆች ጨዋታውን በኔ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም የወደዱት።

በሁለተኛው ዓመት ዝናብ ሲገባ የካሴ እናት በወሊድ ሞተች፤ ሕፃኑም አልተረፈም። ካሴ አላለቀሰችም። ዝም አለች። መጀመሪያ መናገር ተወች፣ ቀጥሎ ምግብ ተወች፣ ከዚያም አያቷ ከሚተኙበት ጎጆ መውጣት ተወች። አጠገቧ ብቀመጥ ቀና አትልም፣ ብጠራት አትዞርም፣ ዓይኗ ከኔ አልፎ ሌላ የሚጠራት ሰው ያለ ይመስል ሩቅ ያያል። የክሊኒኩ መድኃኒት ሳይሠራ ሲቀር በየጊዜው የሚመጣው ሐኪም አይቷት፣ በአገሩ ደቡብ ጫፍ ወዳለው የአእምሮ ሆስፒታል ትሂድ ብሎ አዘዘ። ሰኞ ዕለት በመኪና ይዛት እንድትሄድ የታዘዘችው እማዬ ነበረች።

የካሴ አያት ሽማግሌው ጋኦ ይባላሉ፤ ጉልበታቸው የታመመ፣ ዕድሜያቸውን በእርሻ ሠራተኝነት የጨረሱ፣ ቀልደኛ ሰው ነበሩ። እማዬ በተሰባበረ ሴትስዋና፣ በአገሩ ቋንቋ፣ ነገሩን ስታስረዳቸው አሸዋውን በጣታቸው እየጫሩ እስከ መጨረሻው አዳመጧት።

"ሐኪሙ ይያት፣ አልከለክልም" አሏት። "ግን ሟች እናቷ ልጇን ናፍቃ እየጎተተቻት ነው። መጀመሪያ ልጅቷን ተይልን ብለን ሟቿን መለመን አለብን።"

"እሺ፣ ዛሬ ይለምኑላትና ሰኞ እንሂድ" አለች እማዬ።

"ልመናው በጭፈራ ነው፤ ሴቶቹ ካልዘፈኑ እኔ ተራ ሽማግሌ ነኝ። ሴቶቹ ደግሞ በየእርሻው ተበትነዋል።"

እማዬ እናቷ ጸበል ለጸበል ይዛት የዞረች የኦርቶዶክስ ልጅ ናት፤ የሰማችው ነገር ባዕድ አምልኮ ይሆን የሚለው ሐሳብ ሳያስጨንቃት አልቀረም፤ በዚያ ቀን ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስታማትብ ነበር። ቤት ስንደርስ ግን የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ፣ እኚያን ቆፍጣና ሴትዮ፣ በስልክ ጠርታ እስከ ሐሙስ እንዲታገሷት ለመነቻቸው። የኃላፊዋ ድምፅ ለእኔም ይሰማኝ ነበር፤ "ልጅቷ ብትሞትብሽ ኮንትራትሽ አብሯት ይቀበራል፤ የባልሽም የመኖሪያ ፈቃድ እንደዚያው" አሏት። እማዬ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች።

እስከ ሰፈሩ ባለው ጥርጊያ እንጂ ሴቶቹ ወዳሉባቸው እርሻዎች በሚወስደው አሸዋ ላይ መኪና መንዳት አትችልም ነበርና አባዬን "ትነዳልኛለህ?" አለችው። አባዬ ቁልፉን ሲቀበላት ያየሁት ፊት ትዝ ይለኛል፤ ለዚያ ለማይቆም እግሩ ሥራ የተገኘለት ዕለት ነበር። ቅዳሜና እሑድ እርሻ ለእርሻ ዞርን። እኔና ሽማግሌው ጋኦ ከኋላ ሆነን፣ እሳቸው መንገድ በሌለበት መንገድ እያሳዩ፣ አባዬ ጎማው ሲሰምጥ እየቆፈረ፣ እማዬ በየበሩ ወርዳ እየለመነች አንድ በአንድ ለቀምናቸው። አንዱ ባለእርሻ "ለጭፈራ ነው ሠራተኛ የምትወስጂብኝ?" ቢላት "ታማሚ ሊጠይቁ ነው" አለችው፤ ውሸትም አልነበረም። አክስት፣ የአክስት ልጅ፣ ሕፃን ያዘለች፣ ምርኩዝ የያዘች፣ ሁሉም ልክ ሲጠብቁን የቆዩ ይመስል ጥያቄ ሳያበዙ ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው ይወጣሉ፤ ፒክአፑ ሲሞላ ሰፈሩ አራግፈን እንመለሳለን። እሑድ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰፈሩ የሠርግ ቤት መስሎ ነበር።

እሳቱ ተቀጣጠለና ሴቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው፣ ጉልበታቸው ተነባብሮ ዙሪያውን ከበቡት። ካሴን መሃላቸው፣ በአንድ አክስቷና በእማዬ መካከል አስቀመጧት፤ እኔ ከእማዬ ጎን ተሸጎጥኩ። ቃል የሌለው ዘፈን ነበር፤ አንዷ ትጀምረዋለች፣ ሌላዋ ታነሳዋለች፣ ጭብጨባው አንዱ ባንዱ ላይ እየተነባበረ እንደ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ይፈጥናል። ወንዶቹ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ የትል ደረቅ ቤት በጠጠር ሞልተው የሠሩትን እንደ ሻኩራ የሚንሿሿ ነገር አስረው ከሴቶቹ ጀርባ በአጭር በአጭሩ እየረገጡ ይዞራሉ። እማዬ አማተበችና ማጨብጨብ ጀመረች። አባዬን እንዲቀመጥ ቢጋብዙት "መኪናውን እጠብቃለሁ" አለ፤ ከምን እንደሚጠብቀው ግን አልተናገረም።

በመሃል እኔን እንቅልፍ እየወሰደኝ እየመለሰኝ ሳለ ሽማግሌው ጋኦ ተለወጡ። ያ የሚያነክስ ጉልበታቸው ከየት እንዳመጣው ሳላውቅ እንደ ጎልማሳ ይረግጣል፣ ላብ ይንቆረቆርባቸዋል፣ ሆዳቸው ውስጥ የሚፈላ ነገር ያለ ይመስል አጎንብሰው ይንቀጠቀጣሉ። ራሳቸውን ወደ ፍሙ ደፉት፤ ጸጉራቸው ጢስ ብሎ ሸተተ፤ ሌሎቹ ወንዶች ጎትተው አወጧቸው። ከዚያ ሰውን ሁሉ እየዞሩ እጃቸውን በደረትና በጀርባ ላይ ጭነው ይንቀጠቀጡና በመጨረሻ ወደ ሰማይ ይጮኻሉ። ታማሚዋን ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ግን ማንንም አልዘለሉም፤ ሕፃኑን፣ ባለምርኩዟን፣ እኔን። እጃቸው ደረቴ ላይ ትኩስና እርጥብ ነበር። ካሴ ጋ ሲደርሱ ቆዩ። ወደ ጨለማው ዞረው አንድ ሰው የቆመ ይመስል ይከራከሩ ጀመር፤ ምን እንዳሉ ለእማዬ አክስቲቱ ኋላ ነገረቻት፦ "ልጅቷን ተይልን፤ ገና አልጠገብናትም። አንቺንም እናለቅስልሻለን፣ አንረሳሽም።"

ምሥራቁ ሲገረጣ ካሴ ድንገት ወደ እማዬ ጭን ተደፍታ አለቀሰች። እንዴት ያለ ለቅሶ! ዘፈኑ ግን አልቆመም፤ ይልቅ ከፍ አለ፤ ለቅሶዋን አቅፎ ያዘው ማለት ይቀለኛል። ውኃ አጠጧት። ፊቷ አብጦ፣ አፍንጫዋ እየፈሰሰ፣ ከዚያ ሁሉ ሳምንት ዝምታ በኋላ የመጀመሪያ ቃሏን ለእኔ ተናገረች፤ "ጭብጨባሽ መጥፎ ነው" አለችኝ። አክስቷ ሰምታ በሳቅና በለቅሶ መሃል ሆነች።

ሁላችንም እሷን ስናይ ሽማግሌው ጋኦ ከክቡ ወጡ። ሁለት ሰው ደግፏቸው ወደ መኪናው ሄዱ። አባዬ ሲመጡ አይቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ጀርባው የመኪናው በር ላይ እስኪለጠፍ ድረስ። ጀርባውን ማንም እንዲነካው የማይፈቅድ ሰው ነው፤ ይመታቸዋል ብዬ ፈራሁ። ሽማግሌው እጃቸውን በመኪናው በርና በጀርባው መሃል አሹልከው ጫኑበት። እሳቸው ሲንቀጠቀጡ እሱም ተንቀጠቀጠ፣ ባርኔጣው ወደቀ፤ ሲጮኹ ከአባዬ ደረት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ወጣና እግሩ ታጠፈ። እማዬ ሮጣ ስትደርስ ሞቶ አልነበረም። ተኝቶ ነበር። ነጠላዋን አለበሰችው። ፀሐይዋ ከፍ ብላ የመኪናው ጥላ ሲሸሽበት፣ ያደሩት ሰዎች በደከመ ጉልበታቸው እየተሳሳቁ መኪናውን ገፍተው ጥላውን መለሱለት።

የነቃው እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። አፍሮ ነበር መሰለኝ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ መሪውን ያዘ። ግማሽ መንገድ ስንደርስ መኪናውን አቆመ፤ እኔ ከኋላ መስኮት አጮልቄ እሰማለሁ።

"ተኝቼ ነበር አስናቀች" አላት እማዬን። "ተፈራን ሲወስዱት ተኝቼ ነበር።"

ተፈራ ታናሽ ወንድሙ ነው። አብረው መታሰራቸውን እናውቃለን፤ አንድ ብርድ ልብስ አብረው ይለብሱ እንደነበር፣ ስማቸው ለግድያ እንዳይጠራ እየፈሩ ሌሊቱን ሙሉ ተያይዘው ሲጠብቁ ሰንብተው አንድ ንጋት ላይ አባዬን እንቅልፍ እንደጣለው፣ ሲነቃም የብርድ ልብሱ ግማሽ ባዶ እንደነበር ግን ያን ቀን ነው የሰማነው። እማዬ የመኪናው ማርሽ ላይ ባለው እጁ ላይ እጇን አሳርፋ ብዙ ቆየች።

ሐሙስ ዕለት እማዬ ቃሏን ጠብቃ ካሴን ከነአያቷ ወደ ሐኪሙ ወሰደቻት። ደሟ አንሶ ስለነበር የሚዋጥ መድኃኒት ሰጥቶ፣ መብላቷንና መመለሷን አይቶ የሆስፒታሉን ጉዞ ሰረዘው። ኃላፊዋ "ያን ሁሉ ቤንዚን ምን አደረግሽው ልበል?" ቢሏት "ለሕክምና ነው፣ ሌላ ምን ይባላል?" አለቻቸው። ሴትዮዋ አተኩረው አዩዋት፣ ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። አባዬም ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ባይሆንም ይተኛ ጀመር፤ ውሻው ብቻውን የሚዞርበት ማታ መጣ።

ኮንትራቱ ሲያልቅ አገር መመለስ አልተቻለም፤ ካናዳ በስደተኛነት ተቀበለችንና ቶሮንቶ ፓርክዴል ሰፈር አንዲት ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ገባን። እማዬ ትምህርቷ አልታወቅላት ብሎ የሰው አረጋዊ ስትጦር፣ አባዬ ፓርኪንግ ጠባቂ ሆኖ የጥበቃ ጎጆዋ ውስጥ መቀመጥ አቃተውና ታክሲ ያዘ፤ ኋላም ወደ ዌስተን ተዛወርን። የመጀመሪያው ክረምት ሳያልቅ እንቅልፉ ሸሸ። እዚህ ቤቱን መዞር አይቻልም፤ ኮሪደሩን ሲመላለስ ጎረቤት ለሕንፃው ተቆጣጣሪ ለሱፐሩ ሪፖርት አደረገበት። ካውንስለር ጋ ልከነው ነበር፤ አንድ ቀን ሄዶ ተመለሰና "በር ዘግታ ሶፍት ከፊቴ አስቀምጣ ምን ይሰማሃል ትለኛለች፤ ልጅ እኮ ናት፣ ምን ብዬ ላስደንግጣት?" አለ። እማዬ "እንደ ካሴ ጊዜው ሰው ልጥራ" ብላ ተነሳች። ስልክ ስትደውል አንዱ ሺፍት አለው፣ አንዷ ልጅ የሚይዝላት የለም፣ አንዱ በረዶው ጋብ ይበልና ይላል፣ አንዱ ፓርኪንግ አይገኝም ይላል። ክፋት አልነበረባቸውም። አባዬ ራሱ ነው "ተዪያቸው፣ ሰው ቢዚ ነው" ያላት፤ እሷም ተወች።

እኔም ሳድግ ሶሻል ወርከር ሆንኩ፤ ኢስት ዮርክ ባለው ቢሯችን የሰው ልጅ ሐዘን በቀጠሮ ይመጣል፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ኮቱን ለብሶ ይወጣል፣ ቀጣዩ ይገባል። ስለ ባህል ሥልጠና ሲሰጡን እጄን አውጥቼ ስለ ካሴ ልናገር እልና እተወዋለሁ፤ ከየት ጀምሬ የት ልጨርሰው? ካሴን ከተለያየን ወዲህ ወሬዋን ሰምቼ አላውቅም፤ ዕድሜዋ ከኔ አይርቅም፣ አያት ሆና ይሆናል። እንቅልፍ ሲነሳኝ፣ እሱንም ከአባቴ ሳልወርስ አልቀረሁም፣ በኢንተርኔት እፈልጋታለሁ። አንድ ጊዜ ቱሪስት ፊት ሲጨፈር የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ አገኘሁ፤ ጀርባቸውን ለካሜራው የሰጡትን ሴቶች ትከሻ ሳይቀር እያቆምኩ ደጋግሜ አየሁት። አንዷም እሷን አልመሰለችኝም።

አባዬ ካቻምና ክረምት ላይ ልቡ ቆሞ ሞተ። ያን ጊዜ ሰው መጣ። ሺፍቱን ያስቀየረ፣ ልጁን አዝሎ የመጣ፣ ከስካርቦሮ በበረዶ ሦስት አውቶቡስ የቀያየረ፣ የታክሲ ጓደኞቹ፣ ከታች ፎቅ ያሉት የወሎ ሙስሊሞች በትልቅ ድስት ምግብ ተሸክመው፣ ስሙን እንኳ በደንብ የማያውቁ። ኤሌቬተሩ አልበቃ ብሎ በደረጃ ይወጡ ነበር፤ ጫማው ኮሪደሩን ሞልቶ እስከ ጎረቤት በር ደረሰ፣ በዚያ ቀን ሪፖርት ያደረገ የለም። ሳሎኑ ውስጥ መሬት ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ተቀመጡ። አንዷ አሮጊት ሙሾ ስታወርድ ሌሎቹ ተቀበሏትና ግድግዳው ራደ፤ እኔ ቁጭ ብዬ ማልቀስ አቅቶኝ ከክፍል ክፍል ስዘዋወር እማዬን ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ሰዉን ታያለች። ፊት ለፊት፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ ደግሞ ከኋላ ወደ ፊት ታየዋለች።

"እነዚህ ሁሉ እዚሁ ነበሩ?" አለችኝ።

"እዚሁ ነበሩ እማዬ።"

"እሱ በሕይወት ሳለ?"

ወደ በሩ ዞርኩ። ሰዉ ገና እየገባ ነበር።